የፍራንክሊን ምድጃ፤ ከጢስ ስለሚገኝ ሙቀት የቀረበ ትችት

፩. መግቢያ

የቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም በእኛ ተማሪዎች ዘንድ የሚነሣው በአሜሪካ የነጻነት ታሪክና ስለ መብረቅ ባደረገው ምርመራ ነው። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን፥ በ1744፥ በፊላደልፍያ ከተማ ራሱ ጽፎ ራሱ ያተመው «አዲስ የተፈለሰፉት የፔንሲልቫንያ ምድጃዎች መግለጫ» የተባለ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ የሚመረምረው ጥያቄ በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ ማገዶ የሚሰጠው ሙቀት ከጢሱ ጋር ወደ ሰማይ እንዳይሄድና በቤት ውስጥ እንዲቀር ምን ማድረግ ይገባል?

ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። ብርድ በሚበረታበት አገር ሁሉ የብረት ምድጃ ያለው ሰው ይህንኑ ይጠይቃል። መልሱን የሚፈልገውም ብዙውን ጊዜ ፍራንክሊን በፈለገበት ስፍራ፥ ማለት በጢሱ መንገድ ላይ ነው። ቧንቧውን ያስረዝማል፤ ጢሱን ያዞራል፤ የአየሩን በር ይዘጋል። በበኩሌ መጽሐፉን ደጋግሜ ካነበብሁ በኋላ የደረስሁበት አሳብ፥ ፍራንክሊን ጥያቄውን በትክክል አንሥቶ ከመልሱ ግማሹን ብቻ እንደ ሰጠን ነው። ከጢስ ሙቀት ከመቀማት በፊት ጢሱን ራሱን ማቃጠል ይቀድማል። ይህን ፍራንክሊን ራሱ ዘግይቶ እንደ ተረዳው ከዚህ በታች ለማሳየት እሞክራለሁ።

፪. የመጽሐፉ ይዘት

ፍራንክሊን የሚጀምረው ከማገዶ እጥረት ነው። ከመቶ ዓመት ወዲህ በየሰው ደጃፍ ይገኝ የነበረው እንጨት በእርሱ ዘመን ለአንዳንድ ከተሞች ከ100 ማይል ገደማ ርቀት ይመጣ ነበርና የቤተ ሰብ ወጪ ከባድ ክፍል ሆኗል ይላል። ከዚህም ቀጥሎ በጊዜው የታወቁትን የቤት ማሞቂያዎች በስድስት ዐይነት ይከፍላቸዋል። አንደኛው በአባቶች ዘመን የነበረው አፈ ሰፊ ምድጃ ነው። ሁለተኛው አፉ ዝቅ ያለና የጠበበው አዲሱ ምድጃ ነው። ሦስተኛው ፈረንሳዊው ኒኮላ ጎዤ በ1713 መጽሐፉ የገለጠው፥ ከጀርባው ባዶ የአየር መንገድ ያለው ነው። አራተኛው የሆላንድ፥ አምስተኛው የጀርመን የብረት ምድጃ ነው። ስድስተኛው በክፍሉ መካከል የሚቀመጥ፥ ከሰል የሚነድበት የብረት ማሰሮ ነው።

እነዚህን ከከፈለ በኋላ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት ይመዝናል። በተለመደው ክፍት ምድጃ ላይ የሚያቀርበው ክስ ከሁሉ ይከብዳል። በእርሱ ግምት ከሙቀቱ ቢያንስ ከስድስት እጅ አምስቱ እጅ በጢስ መውጫው ይጠፋል። ጥፋቱም በዚህ አያበቃም፤ ትልቁ የጢስ መውጫ የክፍሉን ሙቅ አየር እየሳበ ሲያወጣ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ቀዝቃዛ አየር ይተካበታል። እሳት ዳር የተቀመጠው ሰውም ፊቱ ሲቃጠል ጀርባው ይበርደዋል።

የእርሱ ምድጃ ከብረት ሳንቃዎች የተገጣጠመ ሳጥን ነው። በፊት በኩል ክፍት ስለሆነ እሳቱ ይታያል። ከእሳቱ በስተኋላ ውስጡ በትናንሽ ግድግዳዎች የተከፋፈለ የአየር ሳጥን ቆሟል። ጢሱ በአየር ሳጥኑ ፊት ወጥቶ፥ በላዩ ተሻግሮ፥ በስተጀርባው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከወለሉም በታች አልፎ ወደ ጢስ መውጫው ይገባል። በዚህ ጊዜ ከውጭ የመጣ ንጹሕ አየር ከታች ወደ ሳጥኑ ገብቶ፥ በውስጡ እየተጠማዘዘ ይሞቅና በጎንና በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ወደ ክፍሉ ይወጣል። ባጭሩ ጢሱ ሙቀቱን ለብረት፥ ብረቱም ለአየር እንዲያስረክብ የታሰበ ሥራ ነው።

፫. ምስጋና የሚገባው

ትችት ማለት ጕድለት መቍጠር ብቻ እንዳይመስል አስቀድሜ የመጽሐፉን ብርታት ልናገር። በመጀመሪያ፥ ፍራንክሊን የቤትን ሙቀት ከቤቱ አየር ለይቶ አላየውም። ምድጃ እሳት የሚነድበት ሳጥን ብቻ ሳይሆን አየርን የሚስብ መሣሪያ መሆኑን ያውቃል። ዛሬም ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል። በክፍት ምድጃ ላይ ብዙ እንጨት በጨመርን ቍጥር ብዙ ሙቅ አየር ከቤት ስለምናስወጣ፥ ከምድጃው የራቁት ክፍሎች ከቀድሞው ይልቅ ሊቀዘቅዙ ይችላሉ።

ሁለተኛ፥ የሌላውን ሥራ የራሱ አያስመስልም። የጎዤን መጽሐፍ ይጠቅሳል፤ ከእርሱ የወሰደውንም አይሸሽግም። ሦስተኛ፥ ስለ ማገዶ ቍጠባ ሲናገር የተጠቃሚዎቹ ምስክርነት የተለያየ መሆኑን አልደበቀም። አንዳንዱ ከስድስት አምስት እጅ፥ አንዳንዱ ከአራት ሦስት እጅ፥ ሌላውም ከዚህ በጣም ያነሰ እንዳተረፈ ይገልጣል፤ ልዩነቱም የመጣው ቀድሞ የነበሩት ምድጃዎቻቸው ስለሚለያዩ መሆኑን ያስረዳል። ሸቀጥ ለማስታወቅ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለው ቅንነት የሚደነቅ ነው።

መጽሐፉ በእርግጥ ማስታወቂያ እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። ሳንቃዎቹን ያቀልጥ የነበረው ወዳጁ ሮበርት ግሬስ ነው፤ መጽሐፉም ገበያውን ለማስፋት ወጣ። ይሁን እንጂ የፔንሲልቫንያ ገዢ ምድጃውን በብቸኝነት የመሸጥ መብት ሊሰጠው ሲፈቅድ ፍራንክሊን አልተቀበለም። እኛ በሌሎች ሰዎች ፍልስፍና እንደ ተጠቀምን ሁሉ፥ የእኛንም ለሌሎች በነጻ ማካፈል ደስ ሊለን ይገባል የሚል ምክንያት እንደ ነበረው የሕይወት ታሪኩን በጻፈበት መጽሐፍ ተርኳል። አንድ የሎንዶን ብረታ ብረት ነጋዴ ግን አሳቡን ወስዶ፥ ሥራውን በሚጐዳ ሁኔታ ጥቂት ለውጦ፥ በስሙ መብት አውጥቶ እንደ ከበረበት በዚያው ላይ ይነግረናል።

፬. ጕድለቱ

የመጀመሪያው ጕድለት የመለኪያ ነው። ፍራንክሊን የራሱ ክፍል ቀድሞ ከሚፈጀው እንጨት በሩብ ብቻ እጥፍ ያህል እንደ ሞቀለት ያረጋግጣል። ነገር ግን «እጥፍ ሙቀት» የተባለው በምን እንደ ተለካ አያስረዳም። ከዚህ የባሰው፥ በስንጥቅ የሚገባው ብርድ በተለይ ቤት የሚውሉትን ሴቶች ጕንፋን እንደሚያሲዛቸውና ጥርሳቸውን እስከ ማበላሸት እንደሚደርስ መናገሩ ነው። ስለ አየር ሲጽፍ ምክንያትንና ውጤትን በጥንቃቄ የሚያያይዘው ሰው፥ ስለ ጥርስ ሲጽፍ ከጎረቤት ወሬ አይሻልም።

ዋናው ጕድለት ግን በጢሱ መውረድ ላይ ነው። ሙቅ አየር ወደ ላይ የሚወጣው በዙሪያው ካለው ቀዝቃዛ አየር ስለሚቀልል ነው። በረጅም የጢስ መውጫ ውስጥ ያለው ሙቅ ዐምድ ከላይ ሲሸሽ ከታች ያለውን ይስበዋል። ስለዚህ በጢሱ ውስጥ የሚቀረው ሙቀት እንዲያው የባከነ አይደለም፤ ምድጃው የሚተነፍስበት ኀይል እርሱ ነው። ያንን ሙቀት ጨርሶ የሚቀማ ምድጃ የራሱን እስትንፋስ ይቀማል። የፍራንክሊን ምድጃ ይህን ችግር በእጥፍ አመጣው፤ በአንድ በኩል የአየር ሳጥኑ ጢሱን ያቀዘቅዘዋል፥ በሌላ በኩል የቀዘቀዘው ጢስ ወደ ታች እንዲወርድ ይገደዳል። እሳቱ ገና ሲጫር ወይም ሲደክም ጢሱ መንገዱን ትቶ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ከፍራንክሊን በኋላ እንደ ዴቪድ ሪተንሃውስ ያሉ ሰዎች ጢሱ ሳይወርድ በቀጥታ እንዲወጣ ማድረጋቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በኋላ ዘመን «የፍራንክሊን ምድጃ» እየተባሉ የተሸጡት አብዛኞቹም ያንን የሚወርድ መንገድ የላቸውም። ስሙን ይዘው ዋናውን አሳብ ትተውታል ማለት ነው።

ይህ ነገር ከመጽሐፍ በፊት በዐይኔ ያየሁት ስለሆነ አጭር ምስክርነት ልጨምር። በደጋ አገር በሚገኝ በተማርሁበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ክፍላችን የብረት ምድጃ ነበረው፤ እንጨት የመጨመሩም ተራ የእኛ የአዳሪዎቹ ነበረ። እሳቱ እስኪነጋ እንዲቈይልን በማለት ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ፈለጥ እናጭቅበትና የአየር መግቢያውን እንዘጋዋለን። ሙቀቱም በከንቱ እንዳይወጣ ብለን ቧንቧውን በክፍሉ ውስጥ አጋድመን አስረዘምነው። ብልኆች የሆንን መስሎን ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ከቧንቧው መጋጠሚያ ጥቍር ቅጥራን ይንጠባጠብ ጀመር። አንድ ማታ ደረቅ ጭራሮ ስንጨምርበት በቧንቧው ውስጥ የተጋገረው ቅጥራን ተያያዘና ቧንቧው እያገሣ ቀላ። ዘበኛው ሮጠው መጥተው የአየሩን በር ጥርቅም አድርገው ባይዘጉት ኖሮ ጣራው በተያያዘ ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላ «ልጆቼ፥ እሳቱን አፍናችሁ ጢሱን ቀለባችሁት» አሉን። የፍራንክሊንን መጽሐፍ ባነበብሁ ጊዜ ቶሎ ትዝ ያለኝ ይህ የእርሳቸው ቃል ነው።

፭. ጢስን ስለ ማቃጠል

የዘበኛው ቃል በዛሬው ዕውቀት ሲመረመር እንዲህ ነው። እንጨት ሲሞቅ አስቀድሞ ውሃው ይተንናል፤ ቀጥሎ ከውስጡ የሚቃጠሉ ጋዞች ይወጣሉ፤ በመጨረሻ የሚቀረው ፍም ነው። እንጨት ከያዘው ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠው በእነዚህ ጋዞች ውስጥ ይገኛል። ጋዞቹ ተሟልተው እንዲቃጠሉ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ትኩሳት፥ በቂ አየርና ከአየሩ ጋር የሚቀላቀሉበት ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ከነዚህ አንዱ ሲጐድል ሳይቃጠሉ ያመልጣሉ፤ ጢስ የምንለውም ከፍተኛው ክፍሉ ይኸው ያልተቃጠለ ማገዶ ነው። ከዚያም ቀዝቃዛ ቧንቧ ሲያገኝ፥ በተለይ ትኩሳቱ ከ120 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ፥ ቅጥራን ሆኖ ይጋገራል።

ስለ እንጨት መድረቅ የሚሰጠው ምክርም ከዚህ ይመነጫል። አዲስ የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚያህል ውሃ ሊይዝ ይችላል። ውሃውን ለማፍላትና ለማትነን የሚወጣው ሙቀት ራሱ ኪሣራ ነው፤ የሚበልጠው ኪሣራ ግን እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ጋዞቹ ሳይቃጠሉ መቅረታቸው ነው። ውሃው ከ20 በመቶ በታች እስኪወርድ የደረቀ እንጨት በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ ፈልጦ፥ ነፋስ በሚያገኘው ጣራ ሥር ደርድሮ፥ እንደ እንጨቱ ዐይነትና እንደ አገሩ አየር አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ማቈየት ከማናቸውም የቧንቧ ብልኀት ይቀድማል።

ፍራንክሊንም ወደዚህ እውነት መምጣቱ አልቀረም። በ1771 ሎንዶን ሳለ የድንጋይ ከሰል የሚነድበትና የራሱን ጢስ የሚያቃጥል ሌላ ምድጃ ሠራ፤ መግለጫውም በ1786 በአሜሪካ የፍልስፍና ማኅበር መጽሔት ታተመ። በዚህኛው ምድጃ ጢሱ በፍሙ መካከል ወደ ታች ስለሚሳብ በመንገዱ ይቃጠላል። ከ1744 እስከ 1771 ባለው 27 ዓመት ውስጥ ሰውየው ከጢስ ሙቀት መቀማትን ትቶ ጢስን ማቃጠል ወደ ማሰብ ተሻገረ። ትልቁ መሻሻል የመጣው እዚህ ላይ ሳለ፥ ስሙ ተያይዞ የቀረው ከፊተኛው ምድጃ ጋር መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ጢስን ወደ ታች ማውረድ በራሱ ስሕተት ነው ለማለት ግን አልደፍርም። በስዊድን በ1767 ካርል ዮሐን ክሮንስቴት ከፋቢያን ቭሬደ ጋር ያሻሻለው የሸክላ ምድጃ ጢሱን በረጃጅም መንገዶች ደጋግሞ ያወጣዋል፥ ያወርደዋልም፤ ሆኖም በደንብ ይሠራል። ምስጢሩ በቅደም ተከተሉ ነው። እንጨቱ በአጭር ጊዜና በኀይለኛ ነበልባል ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ትኩሱ ጋዝ በሸክላው ውስጥ ይዞራል፤ ከባዱ ሸክላም ሙቀቱን አጠራቅሞ ለብዙ ሰዓት ቀስ በቀስ ለክፍሉ ይሰጣል። መጀመሪያ ማቃጠል፥ ቀጥሎ መሰብሰብ ማለት ነው። የፍራንክሊን ቀጭን ብረት ግን ሙቀት የማጠራቀም ዐቅም የለውም፤ ክፍት የሆነው የእሳቱ ፊትም ከሚፈለገው በላይ ቀዝቃዛ አየር ስለሚያስገባ ትኩሳቱን ያወርደዋል።

ካውንት ራምፎርድ በ1796 ባወጣው ጽሑፍም ከሌላ አቅጣጫ ወደዚሁ ቀርቧል። ክፍት ምድጃ ሙቀት የሚሰጠው በተለይ በጨረር ነው ብሎ የጎኖቹን ግድግዳዎች ወደ ክፍሉ አጋደላቸው፤ የምድጃውንም ጕሮሮ ወደ 4 ኢንች አጠበበው። ራምፎርድ ጢሱን ሳይነካ የሚባክነውን የቤት አየር ብቻ መቀነሱ ከፍራንክሊን ይልቅ ጥንቁቅ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ምድጃው ክፍት ሆኖ እስከ ቀረ ድረስ ትርፉ የተወሰነ ነው። በዘመናችን ያለው ዝግ የብረት ምድጃ ከላይ በኩል የጋለ ሁለተኛ አየር እያስገባ ጢሱን በነበልባሉ ላይ ያቃጥላል። በዩናይትድ ስቴትስም በ1988 የወጣው ደንብና በ2015 የተሻሻለው የአዲስ ምድጃዎችን ብቃት የለኩት በሚያወጡት የጢስ መጠን ነው፤ ሁለተኛው ደንብ ከ2020 ጀምሮ ወሰኑን በሰዓት 2 ግራም ገደማ አድርጎታል። ጢስ ከቀነሰ ሙቀት እንደሚጨምር ሕጉ ራሱ ሊመሰክር ይችላል።

፮. ስድስተኛው ምድጃና የእኛ ቤት

መጽሐፉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምን ያስተምራል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ እኔ የማመለክተው የፍራንክሊንን ስድስተኛ ዐይነት ነው። በክፍሉ መካከል የሚቀመጥ የከሰል ማሰሮ ከእኛ የከሰል ማንደጃ በምንም አይለይም። ፍራንክሊን ይህን በእጅ ሥራ ሠሪዎች ሱቅ ውስጥ የተለመደ መሆኑን ገልጦ፥ ክፍሉን ቶሎና እኩል እንደሚያሞቅ ያምናል፤ ነገር ግን አየሩ ስለማይለወጥ፥ በሩ ለረጅም ጊዜ ከተዘጋ ሞት ሊያመጣ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የጥፋቱን ምክንያት የድኝ ጢስ አድርጎ ማሰቡ የዘመኑ ዕውቀት ነው። እኛ ዛሬ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን እናውቃለን። ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፤ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ከጠፋ በኋላም መውጣቱን አያቋርጥም። በክረምት ብርድ «ጢሱ ወጥቶለታል» ተብሎ ወደ መኝታ ቤት የገባ ማንደጃ ተኝቶ ያልነቃ ሰው ስንት ጊዜ እንዳስቀረ የከተማችን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ኀዘን ነው። ጢስ አለመታየቱ ብቻውን እሳቱ ለመንደዱ ማስረጃ አይሆንም።

በገጠሩ ጎጆ ያለው የሦስት ጕልቻ ምድጃ ደግሞ በፍራንክሊን መለኪያ ቢመዘን እንግዳ ውጤት ይሰጣል። የጢስ መውጫ ስለሌለው ከስድስት አምስቱ እጅ ሙቀት በጢስ መውጫ ጠፋ አይባልም፤ የተገኘው ሙቀት መጀመሪያ ወደ ቤቱ ይገባል። አብሮት ግን ያልተቃጠለው ሁሉ ይገባል። የጠቈረው ጣራ፥ የሚያለቅሰው የእናቶች ዐይንና የሕፃናቱ ሳል የዚህ ዋጋ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 በቤት ውስጥ የአየር መበከል ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ገምቷል። እንግዲህ የፍራንክሊን ጥያቄ ለእኛ ሲተረጐም ተገልብጦ መቅረብ አለበት። የእርሱ ሰው ጢሱን አስወጥቶ ሙቀቱን አጣ፤ የእኛ ሰው ሙቀቱን ሊያስቀር ሲል ጢሱንም አስቀረ። ለሁለቱም መፍትሔው ደረቅ እንጨት፥ በቂ አየርና የጋለ እሳት፥ ከዚያም ለቀሪው ጢስ መውጫ ነው።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው የሚከተለውን መደምደም ይቻላል። የ1744 መጽሐፍ የቤትን ሙቀት በምክንያትና በንጽጽር ለመመርመር የሞከረ በመሆኑ ክብር ይገባዋል፤ የአየርን ዝውውር በተመለከተ ዛሬም ያስተምራል። የጢስን ሙቀት ለመቀማት ያቀረበው ዘዴ ግን እሳቱን ከማሻሻል በፊት የመጣ ስለሆነ አልጸናም። ዛሬ ከምድጃው ብዙ ሙቀት የሚፈልግ ሰውም ቧንቧውን ከማዞሩ በፊት እንጨቱን ያድርቅ፤ የአየሩን በር ቶሎ አይዝጋ፤ ትልቅና የታፈነ እሳት ከማሳደር ትንሽና ብሩህ እሳት ያንድድ፤ የምድጃውን በር ማሸጊያ ይመርምር፤ ቧንቧውንም በየጊዜው ያስጠርግ። ከዚያ በኋላ ሙቀቱን የሚይዝ ጡብ ወይም ድንጋይ በዙሪያው ቢያቆም ይጠቅመዋል።

«ጕልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረታችን ስለ ወጥ እውነት ሊሆን ይችላል። የፍራንክሊን ታሪክ እንደሚያሳየን ግን ስለ እሳት ሲሆን ጕልቻው ይለወጥ ዘንድ ይገባል። በጕልቻው ላይ እጁን የሚያነሣ ሁሉ ብቻ አስቀድሞ እሳቱ እንዴት እንደሚነድ ይወቅ። በየቤታችን የሚጠቀሙበትን ምድጃዎች ሙቀትና ጢስ በመሣሪያ ለክቶ ለዚህ መጽሔት የሚያቀርብ ተማሪ ቢነሣ፥ ፍራንክሊን ሳይለካ የተወውን ሥራ እንደ ፈጸመ ይቈጠርለታል።